ላጲስ የበሳው ወረቀት፦ ለትምህርት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለርእሳነ መምህራን፣ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት አማካሪዎች

ጉዳዩ፦ ኦሲዲ የሚባል የአእምሮ ሕመም ይዟቸው ዝም ስላሉ ተማሪዎች

የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፈተናው 40 ጥያቄ፣ ጊዜው 60 ደቂቃ። ትምህርቱን አውቀዋለሁ። ከፈተናው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ለሁለት ጓደኞቼ ሳስረዳ ነው ያመሸሁት።

ወረቀቱ ሲታደል መጀመሪያ የሚጻፈው ስም ነው። ጻፍኩ። የመጨረሻዋ ፊደል እግሯ አጠረብኝ። በላጲስ አጠፋኋት። ደግሜ ስጽፋት ረዘመች። አጠፋኋት። ሦስተኛዋ ልክ መጣች፤ ግን እሷን ስጽፍ እናቴ ከደረጃ ላይ ስትወድቅ ብልጭ አለብኝ። በዚያ ሐሳብ መሐል የተጻፈች ፊደል ወረቀቱ ላይ ከቀረች እናቴ ትወድቃለች። እንዲህ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። አጠፋኋት።

አራት፣ አምስት፣ ዘጠኝ። ወረቀቱ መጀመሪያ ሳሳ። ቀጥሎ እንደ ጨርቅ ጸጉር አወጣ። ከዚያ ተበሳ። በቀዳዳው የዴስኩ እንጨት ታየኝ። እንጨቱ ላይ ከኔ በፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ በእስክሪብቶ ስሙን ጽፎበታል። አንዴ ብቻ። ተንጋዶ። ቀናሁበት።

ፈታኙ መምህር መጡ። "አንቺ፣ ወረቀት ለምን ትቀጃለሽ?" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ሌላ ወረቀት ሰጡኝ፤ ደግነታቸው ነው። አዲስ ወረቀት ማለት ግን ስምን እንደገና መጻፍ ማለት ነው። ጊዜው ሲያልቅ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ። የሠራኋቸውን ሁሉ አግኝቻለሁ። ከ40 ዘጠኝ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ማንንም ልከስ አልተነሣሁም። እኚያ መምህር ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያዩት ደግሞ የተቀደደ ወረቀት ነው። የምለምናችሁ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ስታዩ ከጀርባው ያለውን ልጅ እንድታዩልኝ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። አንዲት መምህርት ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። "ደብተር ማለት እንዲህ ነው፤ ከሷ ተማሩ" አሉ። ተጨበጨበልኝ። እውነትም ስርዝ ድልዝ የሌለው፣ ዓይን የሚስብ ደብተር ነበር። ውስጡን ለቄስ! ያቺን የታየችውን ገጽ ስጽፍ እኩለ ሌሊት አልፏል። ስድስት ገጽ ቀድጄ ጥያለሁ። ጣቴ አብጧል። ከጭብጨባው በኋላ "ተይው፣ ይበቃል" የምትለኝ የውስጤ ድምፅ አፏ ተለጎመ። ሕመሜ በአደባባይ ተሸልማ፣ ያቺ ድምፅ እንዴት ትናገር?

ብዙ ሰው ኦሲዲን የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው፤ ንጹሕ ልጅ፣ ጠንቃቃ ልጅ። ጠረጴዛውን ያስተካከለ ሁሉ "ኦሲዲ አለብኝ እኮ" ይላል፤ ይሳቃል። ቀልድ አልጠላም። ግን አንድ ልጅ እጁ እስኪሰነጠቅ እየታጠበ ያ ቀልድ ሲነገር ከሰማ፣ የሱ ነገር ሌላ ሊሆን እንደሚችል እንኳ አይጠረጥርም። ሕመም መሆኑንም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። እኔ አራት ዓመት አልፎኛል።

በሙሉ ስሙ ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ይባላል። ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ቢያባርሩት የማይሄድ ሐሳብ ወይም ምስል። ሁለተኛው ያ ሐሳብ ያመጣውን ጭንቀት ለማብረድ የሚደረግ ነገር፤ መታጠብ፣ መፈተሽ፣ መቁጠር፣ ማጥፋት፣ ሰው መጠየቅ፣ ወይም ማንም ሳያይ በልብ አንድ ቃል መደጋገም። ሁለተኛው የአንደኛው መድኃኒት ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ስንቁ ነው። ባደረጋችሁት ቁጥር ሐሳቡ ጠግቦ፣ ጉልበት አግኝቶ ይመለሳል።

ብርቅ ሕመም አይደለም። ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ በሕይወት ዘመናቸው ይታያል፤ ብዙዎቹን የሚጀምራቸውም በልጅነት ወይም በጉርምስና ነው። ማለትም እናንተ እጅ ላይ እያሉ። 1,000 ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት ቢያንስ ዐሥር ያህሉ አሉበት ብትሉ አልተጋነነም። ስንቶቹን ታውቋቸዋላችሁ?

አታውቋቸውም፤ ምክንያቱም ይደብቃሉ። በዚያ ዕድሜ ለየት ብሎ መታየት ሞት ነው። እኔ ስቆጥር ምላሴን ከጥርሴ ጀርባ እያነካካሁ ነበር የምቆጥረው። ከንፈሬ አይንቀሳቀስም። መምህሩ ሲያዩኝ በጥሞና የምሰማ ይመስላቸዋል፤ እኔ 64 ላይ ነኝ። ስሜን ሲጠሩኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። እንደገና ከአንድ። "ሐሳብሽ የት ነው?" ይሉኛል። እሱን ብናገር!

ለጓደኞቼ አንድ ጊዜ ትንሽ ሞክሬ ነበር። "ኧረ አታካብጂ፣ ፈታ በይ" አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። ግን ፈታ ማለት ብችል ኖሮ መቼ እነሱን አማክር ነበር? ደግሞ የሚገርመው እኔም ለራሴ የምለው ያንኑ ነው። ሐሳቡ ከንቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ፊደል ሰው አይጥልም። ይህን እያወቁ ማጥፋቱን አለመተው ነው የሚያሳብደው። ሰው የሚያምንበትን ሲያደርግ ቢያንስ ከራሱ ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ ለአማካሪዎች በተለይ የምናገረው አለ። በደንብ ስሙኝ፤ ስለ እጅ መታጠብ ሁሉም ያወራል፣ ስለዚህኛው ግን አይወራም።

ሕክምና ላይ ሳለሁ የተዋወቅሁት የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ቤታቸው ሕፃን ወንድም አለው። አንድ ቀን አቅፎት ሳለ "ብጥለውስ?" የሚል ሐሳብ መጣበት። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!" ብሎ ይረሳዋል። እሱ ደነገጠ። "እንዲህ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ማቀፍ ተወ። መቀስና ቢላ ሲያይ ክፍል ይቀይራል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ደጅ ይወጣል። ቤተሰቡ "ወንድሙን ጠላው፣ ቅናት ነው" አሉ። ያ ልጅ ስለ ወንድሙ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ሲሞላ አይቻለሁ። ከቤቱ ሁሉ አብልጦ የሚወደው እሱ ነበር። ሕመሟ እንዲህ ናት፤ የምትወዱት ነገር የት እንዳለ አይታ እዚያው ላይ ትቀመጣለች። ሃይማኖተኛውን በጸሎቱ መሐል በስድብ ሐሳብ ትመጣበታለች። ጨዋዋን በሚያሳፍር ምስል።

እንዲህ ያለው ሐሳብ የጥቂት ክፉ ሰዎች ንብረት አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ ያልፈለጉት ሐሳብ ድንገት መጥቶባቸው እንደሆነ ነው ጥያቄው። 94 በመቶ ያህሉ አዎ አሉ። ልዩነቱ ሐሳቡ መምጣቱ ላይ አይደለም። ሌላው ሰው ሐሳቡን መንገድ ላይ እንዳገኘው ሰው አይቶት ያልፋል። እኛ አስቁመን መታወቂያ እንጠይቀዋለን።

ስለዚህ አንድ ተማሪ በራችሁን አንኳኩቶ፣ ቆይቶ ቆይቶ፣ እየተንቀጠቀጠ "ሰው እጎዳ ይሆን ብዬ እፈራለሁ" ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ፊታችሁን ያዙ። ፊታችሁን ነው የሚያነበው። ሐሳቡ ያስጠላዋል ወይስ ይፈልገዋል? ይሸሸዋል ወይስ ያቅድበታል? ይህን የሚለየው ባለሙያ ነውና ወደ ባለሙያ ይሂድ። ሮጣችሁ ለጸጥታ ክፍል ብትነግሩ ግን ያ ልጅ ሁለተኛ አፉን ለማንም አይከፍትም። መሞት እንደሚፈልግ ከነገራችሁ ያ ሌላ ነው፤ እሱ ለነገ አይባልም፣ ብቻውንም አይተውም።

አሁን ወደ ክፍል ልመለስ። "ቲቸር፣ ስሜን ጽፌያለሁ አይደል?" ይህን ጥያቄ አንድ ደግ መምህሬን ስንት ጊዜ እንደጠየቅኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ወረቀቱን ካስረከብኩ በኋላ ኮሪደር ላይ አገኛቸዋለሁ። "ጽፈሻል፣ አይቼዋለሁ" ይሉኛል። ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ይነሣል። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ይመለሳል፤ "የሌላ ልጅ ወረቀት አይተው ቢሆንስ?" ተመልሼ እወጣለሁ። እሳቸውም ደግመው፣ ሳይሰለቹ፣ ይመልሱልኛል። እግዜር ይስጣቸው። ግን ደግነታቸው ሕመሜን ነበር የሚቀልበው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ማርሴል ፋን ደን ሃውትና ሜሬል ኪንት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጤነኛ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃ እያበሩ እያጠፉ ደጋግመው እንዲፈትሹ አደረጉ። በመጨረሻ የትኛውን እንዳጠፉ ሲጠየቁ ማስታወሳቸው ብዙም አልተበላሸም። በማስታወሳቸው ላይ የነበራቸው እምነት ግን ወደቀ። ነገሩ ደበዘዘባቸው። ልብ በሉ፤ ሕመሙ የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። ደጋግሞ መፈተሽ ራሱ ነው ጥርጣሬውን የሚወልደው። እኔ ይህን ሳነብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለካ የማስታወስ ችግር የለብኝም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ጭጋጉን የማመርተው እኔው ነኝ።

ታዲያ ምን ትመልሱለት? ዝም አትበሉት፣ አትቆጡትም። ከተማሪውና ከሚያክመው ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለምሳሌ አንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛ ሲመጣ "ይህን ማን እየጠየቀኝ ነው፣ አንቺ ነሽ ወይስ ኦሲዲው?" ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን በጣም ተናድጄ ነበር። ቆይቶ ግን በዚያ ጥያቄ መሳቅ ጀመርኩ። መልሱ ምንጊዜም ያው ነውና።

ማታ ማታ ደግሞ ስልኬን ነበር የምጠይቀው። "ይህን ያሰበ ሰው መጥፎ ሰው ነው?" ብሎ ሁለት ሰዓት መፈለግ። ስልክ አይሰለችም፤ ችግሩም እሱ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ተማሪ ሁሉ ፊልም ሲያይ አላደረም።

የፈተና ተጨማሪ ጊዜ ነገር ላይ ሐሳቤን ልናገር፤ በሐሳቤ የማይስማማ ይኖራል። ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣቸው ሲባል እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፣ ግን በጥንቃቄ። ለኔ ያኔ 30 ደቂቃ ቢጨመርልኝ 30 ደቂቃ ተጨማሪ ላጲስ ነበር የምሠራበት። ይልቅ ስሜ ቀድሞ የተጻፈበት ወረቀት ቢሰጠኝ፣ ወይም በእርሳስ ፋንታ በእስክሪብቶ እንድጽፍ ቢፈቀድልኝ ያን ቀን እተርፍ ነበር። ያም ቢሆን ሕክምናው እስኪጀመር የሚያሻግር ድልድይ እንጂ ቤት ተሠርቶ የሚኖርበት አይደለም። ሌላው ልጅ ግን ጊዜው በእውነት ሊያስፈልገው ይችላል፤ መድኃኒት ጀምሮ የሚያፈዘው አለ፣ እያነበበ አንድ መስመር ላይ የሚቀር አለ። ስለዚህ ልጁን ጠይቁት። ደግሞም ዕቅዱ በየጊዜው እየተቀነሰ የሚሄድ ይሁን።

መጸዳጃ ቤት የሚቆየውንም እንዲሁ። በክፍል ፊት "እዚያ ምን ታደርጋለህ?" ብላችሁ አታስቁበት። ይልቅ እጁን እዩት። ቀልቶ፣ መገጣጠሚያው ላይ ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንዴም ደም አርግዞ ታገኙታላችሁ።

መዳን አለ ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን ውስጥ ሁለት ታማሚዎችን ይዞ አንድ ነገር ሞከረ፤ የሚፈሩትን ነገር እንዲነኩ አደረገ፣ ከዚያ የለመዱትን ማብረጃ ከለከላቸው። ዛሬ ለኦሲዲ የሚሰጠው ዋናው የንግግር ሕክምና ከዚያ ነው ያደገው። ፍርሃትን መጋፈጥና ማብረጃውን መተው ነው ባጭሩ። ሲያወሩት ቀላል ነው!

የኔ ሕክምና የተጀመረው በአንዲት ፊደል ነው። የምታክመኝ ባለሙያ ወረቀት ሰጠችኝ። "ስምሽን ጻፊ። የመጨረሻዋን ፊደል ሆን ብለሽ አበላሻት" አለችኝ። ላጲሱ የሷ ኪስ ውስጥ ነው። ጻፍኩ። አበላሸኋት። ላብ አጠመቀኝ። "ጭንቀትሽ ከ10 ስንት ነው?" አለች። "ዘጠኝ።" ተቀመጥን። ሌላ ወሬ እንኳ አላወራችኝም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰባት ሆነ። ከዚያ አምስት። ፊደሏ እዚያው ተንጋዳ ተቀምጣለች። ቤት ስገባ እናቴ በሩን ከፈተችልኝ። በሁለት እግሯ ቆማ።

ከዚያ በፊት ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን መለኪያ ሞልቼ ነበር። 10 ጥያቄ አለው፤ ከ0 እስከ 40 ያስቆጥራል። 28 አመጣሁ፤ ከባድ የሚባለው ነው። ከ40 እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣሁበት ብቸኛው ፈተና እሱ ነው ብዬ እቀልዳለሁ።

መድኃኒትም አለ፤ እኔም ወስጃለሁ፣ አላፍርበትም። ለድብርት ከሚሰጡት ወገን ነው። ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም፤ ውጤቱን ለማየት 8፣ 10፣ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 112 ልጆችን ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒትና የንግግር ሕክምናውን አንድ ላይ ካገኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ሊጠፋላቸው ምንም አልቀረም። የንግግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 39 በመቶ ያህሉ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት 21 በመቶ ያህሉ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 4 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው "ሲያድግ ይተወዋል" ለሚሉ ነው። ጊዜ ብቻውን ብዙ አያደርግም።

ለወላጆች ስትደውሉ አንድ ነገር ጨምሩበት። ቤት ውስጥ ሁሉም ለሕመሙ ይታዘዛል። እናቴ ስወጣ "ደህና ነኝ፣ አልወድቅም" ትለኝ ነበር፤ በየቀኑ፣ ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ። ካልተመሳሰለ ትደግመዋለች። ከፍቅር ነው። ማቆሙ ከኔ ይልቅ እሷን ከበዳት። ስለዚህ ወላጅን "ልጅዎን አበላሹት" አትበሉ። እነሱም እኩል ታስረዋል።

እኔ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። ሥራ ሲበዛብኝ፣ እንቅልፍ ሲጎድለኝ፣ ትመጣለች። ይህን ደብዳቤ ስጽፍም አንድ ዓረፍተ ነገር ጎርብጦኛል፤ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ሳላስተካክለው ልኬዋለሁ።

በሚቀጥለው ፈተና ወረቀት ስትሰበስቡ፣ የስም ቦታው የሳሳ ወይም የተበሳ ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ልጁን በማግሥቱ፣ ሰው በሌለበት ጥሩት። "ለምን ቀደድከው?" አትበሉት። "ስንት ጊዜ ጻፍከው?" በሉት። ቁጥሩን ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀድሞ ተማሪ